ጥፋቱ የመምህራን ብቻ ነውን?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥፋቱን ሁሉ በመምህራን ላይ መጫኑ አልተዋጠልኝም። በ2002 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ የፈረሙት ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ አዘዘ፤ እስከ 2014 ድረስም ሁሉም ብቁ ይሆናሉ ተባለ። አንድም ሳይቀር! ይህን ግብ ያወጣ ሰው ጠመኔ ይዞ ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ውጤቱ ያነሰ ትምህርት ቤት ስለሚቀጣ፣ ታሪክና ሙዚቃ ክፍለ ጊዜያቸውን ለፈተና ልምምድ ለቀቁ። በአትላንታ የተማሪዎችን መልስ በመቀየር ቅሌት የተከሰሱ 11 የትምህርት ባለሙያዎች በ2015 ጥፋተኛ ተባሉ። በዚያው ዓመት ሕጉ በሌላ ተተካ፤ ዓመታዊው ፈተና ግን ዛሬም አለ።

ከሁሉ የሚከፋው ገንዘቡ ነው። የትምህርት ቤቶች በጀት አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ላይ ስለሚንጠለጠል፣ የሀብታም ሰፈር ልጅ ገና ሳይማር ይቀድማል። የሳን አንቶኒዮ ወላጆች ይህን ይዘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርሱም፣ በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ተረቱ። ጸሐፊያችሁ ለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም።

አንድ አንባቢ፣ ከሜሪላንድ