ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጫካው ቡና

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ሰላም ብላሃለች። የላክኸው ገንዘብ ደርሶኛል፣ ተባረክ። ጫካው ተመንጥሮ ምርጥ ዘር ቡና ይተከልበት ያልከውን ግን አልተቀበልኩትም። በስልክ ከምንጨቃጨቅ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ስለ ምርቱ ያልከው ልክ ነው። የጫካ ቡና ቀጫጫ ነው። ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል፣ ፍሬውም ጥቂት ነው። በኪሎ ከተክል ቡና ጋር አይወዳደርም። ዕድሜዬን በግብርና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን አልክድህም።

ግን ምርጥ ዘሩ ራሱ ከየት የመጣ ይመስልሃል? እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የሚሉት፣ አገራችን ገባ። እሸቱን ፍሬ አጥቁሮ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ያደርቀዋል። የጅማ ተመራማሪዎች ያኔ በየቡናው ዞሩ። ሌላው ሁሉ ጠቁሮ ሳለ ፍሬው ጤነኛ የሆነውን ዛፍ እየለዩ ዘሩን ወሰዱ። አንተ ልትተክለው ያሰብከው 74110 የተባለው ምርጥ ዘር የተገኘው እንደዚህ ነው፤ እናት ዛፉ መቱ አጠገብ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነው የተመረጠው። 74 የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። ያኔ ኢሉባቦር በሙሉ አንድ ዓይነት ቡና ለብሶ ቢሆን ኖሮ ምን ይመረጥ ነበር?

ሲሎን ላይ፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የሆነውን ታውቃለህ። እ.ኤ.አ. በ1869 የቅጠል ዝገት የሚባለው የቡና በሽታ ገባ፣ የሚቋቋም ዛፍ አልነበራቸውም፣ የቡናው እርሻ ጠፋ። ሻይ ተከሉ። የላቲን አሜሪካ አረቢካ ቡናም አብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዛፎች የተራባ ነው። እነሱ በሽታ ሲመጣባቸው ዓይናቸው ወደዚህ ነው፣ ወደ ከፋና ወደ ያዩ ጫካ።

ስትመጣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ዛፎች አሳይሃለሁ። ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። የአንዱ ለጋ ቅጠል ነሐስማ ነው፣ የሌላው አረንጓዴ። የአንዱን ቅጠል ብትገለብጠው ብርቱካንማ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ዝገት ነው። ክንድ በማይሞላ ርቀት ያለው ጎረቤቱ ግን ንጹህ ነው። ምን እንደሚከላከልለት ማንም መጥቶ አላጠናውም። እሱን ቆርጬ እንዴት ልጣል?

ዘሩ ጂን ባንክ፣ የዘር ማከማቻው ውስጥ፣ ይቀመጥ ትለኝ ይሆናል። ጤፍና ገብስ ደርቆ በብርድ ክፍል ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ቡና እንዲህ አይሆንም፤ ዘሩ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ለዚህ ነው ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ላይ ከ5 ሺህ በላይ የቡና ናሙና በቁም ዛፍነት ተተክሎ የሚጠበቀው። ትልቅ ሥራ ነው፣ የደከሙበትን ሰዎች አከብራለሁ። ነገር ግን አንድ ቦታ የተተከለ ሁሉ አንድ በሽታ ወይም አንድ ድርቅ ሊመታው ይችላል። ጫካው ውስጥ ግን በየዓመቱ ፍሬው ወድቆ ይበቅላል። ደካማው ይሞታል፣ የቻለው ያድጋል። አየሩ እየሞቀ ባለበት በዚህ ጊዜ ይህን ሥራ ሌላ ማንም አይሠራልንም።

ግማሹ ብቻ ይመንጠር ብትለኝም አልስማማም። ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፣ ይሁንና ንብ ከዛፍ ዛፍ የምታሻግረው ብናኝ አለ። ምርጥ ዘሩ መሀል ከገባ ቀስ በቀስ ከጫካው ዘር ጋር ይደባለቃል፤ ከተደባለቀ ደግሞ መልሶ የሚለየው የለም። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ ደስ ይላል፤ ምሳር የምናነሳውም የምናስቀምጠውም ግን እኛው ነን።

ገቢውን እንዳትረሳ። ኮረሪማው፣ ጥምዙ፣ ማሩ ከዚያው ጫካ ነው የሚወጣው። አንተን ያስተማርንህ በእሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። መንገድ ዳር ያለው የበቆሎ መሬት ከጫካው ርቆ ነው ያለው። ምርጥ ዘሩን እዚያ እንትከል። አንድ ዓይነት ብቻም አይሁን፣ ከ74110 ጋር 74112ንም ቀላቅልበት። ጉድጓድ ማስቆፈር ጀምሬያለሁ። ክረምቱ ሲገባ ችግኙን እናወርዳለን፤ የላክኸው ገንዘብ ለዚያ ይበቃል። የጥላ ዛፍ ችግኝ ግን ገና አላገኘሁም፣ ጓደኛህን እስቲ ጠይቅልኝ።

አባትህ