አባቴ ሳይነበብለት የፈረመው ወረቀት፦ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያልሞከርኩት መንገድ ስላልቀረ ነው። ለገና በዓል ከዩኒቨርሲቲ በመጣሁ ጊዜ እኅቴ በማርፈዷ ስለደረሰባት ቅጣትና አባቴ ስለፈረመው ወረቀት በአካል ቀርቤ ሳመለክት ጉዳዩ የትምህርት ቤቱ የውስጥ ደንብ ስለሆነ ወደዚያው እንድሄድ ተነገረኝ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አሠራሩ የመጣው ከወረዳ መሆኑን ገልጾ ወደ እናንተ መለሰኝ። በጥር ወር በጽሑፍ ያቀረብኩት አቤቱታ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል። ቁጥሩን ይዤ ደጋግሜ ብደውልም ያገኘሁት መልስ እርስዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ብቻ ነው። አሁን መጋቢት ተጋምሷል።

እኅቴ 16 ዓመቷ ሲሆን በወረዳችን ከተማ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤታችን በጀማ ወንዝ ሸለቆ ቆላው ውስጥ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ገደሉን ወጥቶና የደጋውን ሜዳ አቋርጦ ከተማ ለመድረስ ባዶ እጁን የሚሄድ ጎልማሳ አራት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ስንቅ ለተሸከመች ልጅ ደግሞ ከአምስት ሰዓት አያንስም። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የሰሜን ሸዋ የገጠር ልጆች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይታ ትማራለች። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት ትወርዳለች፤ ቅዳሜ አስፈጭታ ትጋግራለች፤ እሑድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። የማሽላው እንጀራ ቢቆይ እስከ ረቡዕ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን በድርቆሽ ይገፋል። ይህን ከሰው ሰምቼ አልጻፍኩትም፤ እኔም በዚያው መንገድ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት እኅቴ ሦስት ጊዜ ሰኞ ጠዋት አርፍዳለች። በመስከረም ወንዙ ሞልቶ እሑድ ማታ መሻገር ሳትችል ቀረች። በጥቅምት እናታችን ታማ ስለነበር ቤቱን ጥላ መውጣት አልሆነላትም። በኅዳር ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አልቆበት እህሉ የተፈጨው እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ጋግራ ስትጨርስ ጨለመ፤ በጨለማ ገደል የምትወጣ ሴት ልጅ ምን ሊገጥማት እንደሚችል ለእርስዎ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። በሦስቱም ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ መንገድ ጀምራለች። በሦስተኛው ሰኞ ከትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ 2 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ በሩ የሚዘጋው ግን በ2 ሰዓት ነው። የቆላ ልጅ ናትና የኅዳርን ውርጭ የሚችል ልብስ አልነበራትም። ጥበቃው አዝነው የራሳቸውን ዱካ ሰጥተዋት ስንቋን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ እረፍት ሰዓት ከውጭ ተቀመጠች። በዚያ ሰዓት ውስጥ የፊዚክስ ፈተና እየተሰጠ ነበር፤ ዜሮ ተመዘገበላት። ስትገባም ወላጅ ሳታመጣ ክፍል መግባት እንደማትችል ተነገራት።

አባቴ የታጨደ ጤፉን ሳይወቃ ጥሎ መጣ። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሲደርስ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተሉት ዩኒት ሊደር ለስብሰባ ስለወጡ በማግሥቱ እንዲመለስ ተነገረው። አራት ሰዓት የተጓዘ ሰው ወዴት ሄዶ እንደሚመለስ የጠየቀ አልነበረም። እኅቴ በተከራየችበት ክፍል ሦስት ልጃገረዶች በአንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፤ አባቴ እዚያ ማደር ስላልቻለ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ጋቢውን ተከናንቦ አደረ። በማግሥቱ ቢሮ ሲገባ አስቀድሞ የተጻፈ ወረቀት ቀረበለት። መጻፍ እንደማይችል ሲናገር የቀኝ እጁን አውራ ጣት ይዘው የማኅተም ቀለም አስነክተው አሳተሙት። ምን እንደሚል ያነበበለት ሰው አልነበረም።

ወረቀቱን እኔ አንብቤዋለሁ፤ የእኅቴን ማኅደር ለማየት ጠይቄ ነው ያሳዩኝ። «ልጄን በሥነ ሥርዓት አንጾ የማሳደግ ግዴታዬን ባለመወጣቴ ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ፣ ወደፊት ብታረፍድ ከትምህርት ገበታ ብትሰናበት ቅሬታ የሌለኝ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ የአባቴ አሻራ አለ፤ ቀለሙ በዝቶ መስመሮቹ ተደፍነዋል። ይህ ሰው ሁለት በጎች ሸጦ የእኅቴን የዓመት የቤት ኪራይ የከፈለ፣ እኔንም ዩኒቨርሲቲ ያደረሰ አባት ነው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ እንዲያምን የተደረገው በምን ጥፋት ነው? ፊደል ያልቆጠረን ገበሬ ሳያነቡለት ማስፈረምን የፈቀደ መመሪያ ካለ ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ ከሌለ ደግሞ ይህን ላደረገው ሰው ምን እንደተባለ ይንገሩኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የሕፃናት ደኅንነት በቀዳሚነት እንዲታሰብ መደንገጉን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በበሩ ላይ በዚያ ሰኞ ጠዋት የታሰበው ሰዓቱ እንጂ የ16 ዓመት ልጅ ደኅንነት አልነበረም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተገለጠ ቁጥር ተማሪው አላጠናም ሲባል እሰማለሁ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በዚያም ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተፈተኑት አንዱ ነበርኩ፤ ማለፊያውን አላመጣሁም፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሬሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያ ላላመጡ ተማሪዎች በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት በኩል ነው። በሬሜዲያል ክፍል መምህሩ እንደ ክለሳ በፍጥነት የሚያልፏቸው የፊዚክስ ርእሶች ለእኔ ፈጽሞ አዲስ ነበሩ። ኋላ የ11ኛ ክፍል ደብተሬን ገልጬ ቀኖቹን ስመለከት ባዶ የቀሩት ገጾች አብዛኞቹ የሰኞ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ሰነፍ መሆኔን አምኜ ነበር። ዛሬ እኅቴ ያንኑ ስለ ራሷ ስትናገር ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ ወረቀት ወዲህ እኅቴ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቷ መውረድ ትታለች። ዳግመኛ ብታረፍድ እንደምትባረር ስለምታውቅ ስንቋን የምታገኘው ወደ ከተማው ገበያ የሚወጣ ጎረቤት ሲገኝ ነው። ሳይገኝ የሚያልፍ ሳምንት አለ። ለገና ሳያት የእጇ አጥንት ወጥቶ ነበር፤ ምን እየበላች እንደሆነ ስጠይቃት በሶ በጥብጣ እንደምትጠጣ ነገረችኝ፤ ለእናታችን እንዳልነግርም አስማለችኝ። አሁን ግን ታረፍዳለች የሚላት የለም። ደንቡ ሠርቷል ማለት ይህ ከሆነ፣ ክቡር ኃላፊ፣ የደንቡን ፍሬ መጥተው ይመልከቱት።

ማደሪያ ይሠራልን አላልኩም፤ በጀት የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። የምጠይቀው አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ነው። ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ስም ዝርዝር በር ላይ ይቀመጥና ሰኞ ጠዋት ስንቅ ይዘው ሲደርሱ ይግቡ፤ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና አይሰጥ። ወላጅ መጥራት ግድ ከሆነም የመጣው ወላጅ በመጣበት ቀን ይነጋገር፤ የሚፈርመውም ነገር ጮክ ተብሎ ይነበብለት።

ከሁሉ በፊት ግን ያ ወረቀት ከእኅቴ ማኅደር ወጥቶ እንዲሰረዝና ያልተፈተነችው የፊዚክስ ፈተና እንዲሰጣት እጠይቃለሁ። የወረቀቱን መሰረዝ ለአባቴ በቃል የሚነግረው ያስፈረመው ሰው ራሱ ይሁን። አባቴ እስከ ዛሬ ድረስ የፈረመው ልጁ ወደ ክፍል እንድትመለስ የሚፈቅድ ወረቀት ይመስለዋል። ምን እንደሚል አልነገርኩትም።

የተማሪዋ ታላቅ ወንድም
ከሰሜን ሸዋ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.