ጉባኤተኛው የመረጠውን ማን ያወርደዋል?

ለአዘጋጁ፣

ነፃ አውጪ ድርጅቶች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ስለሚያካሂዱት የመጀመሪያ ጉባኤ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ማን ተመረጠ፣ ማን ወደቀ የሚለው ላይ ብዙ ብላችኋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጉባኤተኛው የሰጠው ድምፅ ስንት ዓመት ይከበራል?

የደቡብ አፍሪካውን ኤኤንሲ (የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ) ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ምርጫ ከ400 መቀመጫ 252ቱን አገኘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ 49ኛ ጉባኤውን ብሉምፎንቴን ጠራ፤ በ1912 የተመሠረተባት ከተማ ናት። ማንዴላ በመሪነት ቀጠሉ፣ ታቦ ምቤኪ ምክትል ሆኑ። ጎበዝ ጎበዙ ሰው ግን ቀድሞውኑ ወደ መንግሥት ቢሮ ገብቷል። ዋና ጸሐፊ ሆነው የተመረጡት ሲሪል ራማፎሳ እንኳ አዲሱን ሕገ መንግሥት የሚያዘጋጀውን ጉባኤ ይመሩ ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ታዲያ የፓርቲውን ቤት ማን ይጠብቅ?

ከሁሉም የሚገርመኝ የባንቱ ሆሎሚሳ ነገር ነው። ሰውዬው በአፓርታይድ ዘመን ለጥቁሮች ከተከለሉት ግዛቶች አንዷ የነበረችው የትራንስካይ ወታደራዊ ገዥ የነበሩ ናቸው፤ ከነባር ታጋዮቹ ተርታ አይደሉም። ሆኖም ለፓርቲው ብሔራዊ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በተሰጠው ድምፅ አንደኛ ወጡ። ያን ሁሉ እስር ቤትና ስደት ያሳለፈ ታጋይ ቀድመው! በ1996 የአፓርታይድ ዘመን በደሎችን ይመረምር በነበረው በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ፊት ቀርበው፣ ያኔ ሚኒስትር የነበሩ አንዲት የድርጅታቸውን ሰው በድሮ የጉቦ ጉዳይ ወነጀሉ። ብዙም ሳይቆይ ከምክትል ሚኒስትርነታቸው ተነሱ፤ ከዚያ ከፓርቲውም ተባረሩ። የመረጣቸው ጉባኤ ነው፤ ያባረራቸው ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴ። ዲሲፕሊን ዲሲፕሊን ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን ጉባኤተኛው እስኪሰበሰብ መጠበቅ ምን ነበረበት?

ኤኤንሲን ግን አልነፍገውም። በ1997 ማፊኬንግ ላይ ቀጣዩን ጉባኤ ጠርቷል፤ ማንዴላም የፓርቲ መሪነቱን እዚያው ለምቤኪ አስረክበዋል። የኤርትራው ሻዕቢያም በዚያው በ1994፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ናቅፋ ተሰብስቦ ስሙን ወደ ህግደፍ (ህዝባዊ ግንባር ለዴሞክራሲና ፍትሕ) ቀይሮ ነበር፤ ቻርተርም አጽድቋል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ድርጅታዊ ጉባኤ አልጠራም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ከተመራጮቹ ስም ጎን፣ ሁለተኛው ጉባኤ መቼ እንደተደረገና የመጀመሪያው ተመራጮች እስከዚያ የት እንደደረሱ ብትጨምሩልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ