ለትንሿ ወይራ የሚሆን ሸክላ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ቦንሳይ በሚባለው ዛፍን አሳንሶ የማሳደግ ጥበብ ፍቅር ያደረብን የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ የምንተክልበትን ሸክላ በገዛ እጃችን መሥራት እንድንማር፣ ትምህርቱንም ከሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ተገቢውን ከፍለን እንድንቀስም ለማሳሰብ ነው።

ቦንሳይ የጃፓንኛ ቃል ሲሆን፣ በዝርግ ሳህን የተተከለ ማለት ነው፤ ከስሙ እንደምንረዳው ዕቃው የጥበቡ እኩሌታ እንጂ መያዣ ብቻ አይደለም። እኔ ግን ሆጤ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ወይራ ማሳደግ ስጀምር ለዕቃው ግድ አልነበረኝም። ከገበያ የገዛሁት ድስት ለወጥ የተሠራ በመሆኑ ከሥሩ ቀዳዳ አልነበረውም፤ በሐምሌ ዝናብ ውሃ አቁሮ፣ ሦስት ዓመት የደከምኩበትን ወይራ ሥሩን አበሰበሰው። ሌላውን በሚስማር ልበሳው ብል ለሁለት ተሰነጠቀብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሸክላ ሲሠሩ ወደኖሩ አንዲት እናት ሄጄ እንዲያስተምሩኝ የለመንኳቸው። አፈሩን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ከተፈጨ ገል ጋር ሲያቦኩት ምክንያቱን ጠየቅኋቸው፤ ገል ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ነገሩኝ። የሚሠሩት ያለ መንኰራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ነው። የሠሩትን በጥላ ያደርቁታል፣ በለስላሳ ድንጋይ ያሹታል፣ ከዚያም በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኩሱታል። «ልጄ፣ ውስጡ ሳይደርቅ እሳት አታስነካው» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ቸኩዬ ያስገባሁት የመጀመሪያው ሳህኔ፣ በውስጡ የቀረው እርጥበት በእሳቱ እንፋሎት ሆኖ በታተነው። በሁለተኛው ደግሞ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ዘንግቼ ስለነበር፣ የበሳኋቸው ቀዳዳዎች ከምፈልገው በላይ ጠበቡ። ሦስተኛው ዛሬ ወይራ ይዟል።

«የአገራችን ሸክላ ውሃ ያሰርጋል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም» የሚል ሐሳብ ከወዳጆቼ ሰምቻለሁ፤ በዚህ አልስማማም። የጃፓን የቦንሳይ ሸክላዎች ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት የሚተኮሱበት አንዱ ምክንያት፣ ውሃ የጠጣ ሸክላ ብርዱ በጸና ጊዜ ውሃው በውስጡ በረዶ ሆኖ ስለሚሰነጥቀው ነው። የደሴ ውርጭ ግን ማለዳ ታይቶ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋ ነው፤ ሞቅ ባለው የኮምቦልቻ አየር ደግሞ ይህ ስጋት ከዚህም ያነሰ ነው። ውሃ ማሰረጉ ሥሩ አየር እንዲያገኝ ስለሚረዳ፣ በተለይ የቆመ ውሃ ለማይወደው ወይራ ጥቅም ነው። ሙቀቱ በሚበረታበት በኮምቦልቻ አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ጠዋትና ማታ ማጠጣት ሊያስፈልግ ይችላል። የተሰበረውም ሸክላ አይጣልም፤ ተፈጭቶ ወደ ጭቃው ይመለሳል፣ ደቀቅ ብሎም ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ውሃውን ያሳልፋል።

ስለ ክፍያው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያልን፣ ከጋብቻ እያራቅን፣ በሠሩት ድስት ግን ስንበላ ኖረናል፤ ዛሬም ቢሆን በጀበና ዋጋ አምስት ብር ለማስቀነስ የምንከራከር ሰዎች አለን። በዚህ አኳኋን ኖረን፣ አሁን ለትርፍ ጊዜያችን ስንል እውቀታቸውን በነፃ እንውሰድ ብንል ነውር ይሆናል። እኔ ለእኚህ እናት ለእያንዳንዱ የትምህርት ቀን የምከፍላቸው፣ በዚያ ቀን ሸክላ ሠርተው ቢሸጡ ሊያገኙ ይችሉ የነበረውን ታሳቢ በማድረግ ነው፤ ሌሎችም ቢያንስ ይህን መነሻ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ።

ጋዜጣችሁም በኪነ ጥበብ ዓምዱ የወሎን ሸክላ ሠሪዎች በስማቸውና በፎቶግራፋቸው ቢያስተዋውቅ፣ መማር የምንሻ ሰዎች የማንን ደጅ እንደምናንኳኳ እናውቅ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ