ከውሃ ቀለም ወደ ንብ ሰም

ውድ የቡድናችን አባላት፣

የውሃ ቀለምን ትቼ በቀለጠ ንብ ሰም ወደ መሣል ለምን እንደዞርኩ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ለዓመታት የዛፍ ቅርፊትና የድንጋይ ሽበት ስሥል ኖሬያለሁ። ቀለማቸው ይሳካልኛል፤ ሻካራነታቸው ግን ወረቀቱ ላይ አይገኝም ነበር። መንገዱን ያሳዩኝ የግብፅ የፋዩም ሥዕሎች ናቸው። ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን በእንጨት ላይ ከተሣሉት ፊቶች ብዙዎቹ የሰም ሥራ ናቸው፤ ዓይኖቻቸው ዛሬም ሕይወት አላቸው።

የተጣራ ሰም ዳማር ከሚባል ጥቂት የዛፍ ሙጫ ጋር ይቀልጥና የቀለም ዱቄት ይጨመርበታል። ሰም 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ ብሩሹ ከማሞቂያው እንደወጣ መርጋት ይጀምራል፤ እጅ መፍጠን አለበት። እያንዳንዱ ንብብር በሙቅ አየር ከሥሩ ካለው ጋር ካልተዋሃደ ውሎ አድሮ ይላቀቃል።

እኔን የማረከኝ ግን ብርሃኑ ነው። ስስ የሰም ንብብር ብርሃን ያሳልፋል፤ ከሥሩ የተቀበረ ደረቅ ቅጠል ጅማቱ ሳይቀር ይታያል። የረጋውን ሰም በቢላ ጫፍ ስትፍቁት ደግሞ የታችኛው ቀለም ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ የፈለግሁት ቅርፊት እጄ ላይ ነው!

አደራ፣ ሰሙን በነበልባል ላይ አታቅልጡ። ከጨሰ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ጢሱም ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ መስኮት ይከፈት።

መሞከር የምትፈልጉ ለቀጣዩ ስብሰባ ያልተቀባ የእንጨት ሰሌዳና በደንብ የደረቀ ቅጠል ይዛችሁ ኑ። ሰሙንና ማሞቂያውን እኔ አመጣለሁ።