ቁንዱዶን ላንተ አቆይቼዋለሁ

ይድረስ ለወዳጄ አቢ፣

እንዴት ነህ አቦ? ሰፈሩ ሁሉ ደህና ነው። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ተወው። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ያየሁትን ላንተ ሳልነግር ማደር ስላቃተኝ ነው የጻፍኩልህ።

የአክስቴ ልጅ አሮጌ ላንድክሩዘሩን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ቁልቁል ወደ ሽኒሌ በረሃ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ሐረር እንሂድ ተባባልን። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ፈጢራችንን በልተን ገና ሳይሞቅ ወጣን።

ሽኒሌ ቅርብ ናት፣ ታውቃታለህ። ከአስፋልቱ ትንሽ ራቅ ስትል ግን ግራር፣ አሸዋና ግመል፣ በቃ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎማችን እዚያ መሀል ተነፈሰ። ስኮርታ አለን፤ ክሪኩ ግን አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረን። አንድ ግመል ጠባቂ ልጅ መጣና፣ ነገራችንን አይቶ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከክሪኩ ሥር ሸጎጠልን። አለቀ። ቀጥሎ የግመል ወተት አጠጣን። ዕቃው ስለሚታጠን ጭስ ጭስ ይላል፤ እኔ ወድጄዋለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ፊቱን አጨማደደ። ገንዘብ ስናወጣ ልጁ ሳቀብን።

ተመልሰን ድሬን አቋርጠን ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ጀመርን። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ጫፍ ስትደርስ 2,000ን አልፈሃል። ከታች መስኮት ከፍተን ስንለፈልፍ የነበርን ሰዎች ላይ ስንደርስ ጃኬት ፍለጋ ገባን። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ በሚኒባስ እያንቀላፋን ወጥተነዋል! አንድም ቀን ወርደን አላየነውም። አሁን ቆምን። ከተማዋ ከታች፣ ከኋላዋ ጠዋት ጎማ የቀየርንበት ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ከእግራችን ሥር ደግሞ ደረቅ ፈፋዎች ከተማችንን ወደሚያቋርጠው ወደ ደቻቱ ወንዝ ይወርዳሉ። የ1998ቱ ክረምት ትዝ አለኝ። ያ ሌሊት፣ ያ ጎርፍ። ዝናቡ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው፤ የሚተኛው ሰው ታች ነው። ኳስ የተጫወትንበት የደቻቱ አሸዋም እኮ ከዚሁ ተራራ የወረደ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ ብዙ ቆየን። ማንም እንሂድ አላለም።

ሐረማያን ስናልፍ ሐይቁ ውሃ ይዟል። ደርቆ ያየኸው አንተ ብታየው ደስ ይልህ ነበር። አወዳይ ጫትና ጥሩንባ፣ እንደድሮው። ሐረር ጁገል ውስጥ አደርን። ጅቦቹን ስለምታውቃቸው አልነግርህም።

እሁድ ባቢሌ ለውዝ ገዝተን ወደ ዳካታ ሸለቆ ገባን። ድንጋዮቹን በፎቶ አይቻቸዋለሁ፣ ፎቶው ግን ይዋሻል። ቤት የሚያክል ድንጋይ ቀጭን አንገት ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ፣ ውሃና ነፋስ ስንት ዘመን ሲሸረሽሩት ኖረው ነው እንዲህ የሆነው። ሥሩ ስትቆም አንገትህ በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል። ቁልቋሉና እሬቱ መሀል አንድ ጉብታ ላይ ወጣን፤ እጄ ተቧጨረ፣ ውሃችን አለቀ፣ ለውዙም አለቀ። የባቢሌን ዝሆኖች አላየንም። መጠለያቸው ሰፊ ነው፣ እኛ ደግሞ ጊዜ አልነበረንም።

የአክስቴ ልጅ በዚያው ወደ ቁንዱዶ እንቀጥል አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ አናተ ጠፍጣፋ ተራራ፣ እላዩ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች የሚግጡበት! እሱን አብረን ነው የምንወጣው ብለን ነበር እኮ።

ስለዚህ ጥቅምት ላይ ና። ዝናቡ ቆሞ ሣሩ ገና አይደርቅም። እግርህ የለመደውን ጫማ አድርግ፣ ማታ ስለሚበርድ ወፍራም ነገር ያዝ። መኪናውን እኔ እችላለሁ። አንተ ከመርካቶ ደህና ክሪክ ግዛልኝ፤ ሰፊ መቀመጫ ያለውን።

የድሬው ወንድምህ