የአረጋውያኑ የክብር ቀን

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ሁሉም ደህና ነው? ዝምታዬ ከልክ ያለፈ ስለሆነ ምክንያት ሳልደረድር ይቅርታህን እለምናለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጦር ሜዳም በሰፈርም ሲያገለግሉ የኖሩ አረጋውያንን የማክበሩ ሥራ አንተ ላይ እንደተጣለ ስሰማ ግን ብዕር ሳላነሳ መቅረት አልቻልኩም። የማውቀውን ሁሉ ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን አታርቀው። የኮሪያ ጦርነት የቆመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ነው። ያኔ 20 ዓመት የሞላው ወታደር በ1933 የተወለደ ነውና ዛሬ ስንት እንደሆነ አንተው አስላው። እንዲህ ያለ ሰው ስም ዝርዝር ውስጥ ካለ አዳራሹ እስኪታደስ፣ እንግዳው ከውጭ እስኪመለስ እያላችሁ አታቆዩት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ። ሕመም የጠናበት ካለም ዋናውን ቀን ሳትጠብቁ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ስጡት፤ በመድረኩ ቀን ስሙን ከሌሎቹ እኩል ታነባላችሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጣራት ነው፤ ብዙ ኮሚቴ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የውትድርናውን ከመሰናበቻ ወረቀቱ፣ ከመለያ ቁጥሩ፣ ከክፍሉ ስምና ከድሮ ፎቶግራፎች ማመሳከር ይቻላል። ወረቀት የለውም ብለህ ግን ማንንም አትጣል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1973 በተነሳ አንድ እሳት ብቻ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር ማኅደሮች ወድመዋል፤ አብዛኞቹ ቅጂ አልነበራቸውም። በዚያ ሳቢያ በአካል ተዋግቶ በወረቀት የሌለ ሰው ስንት ነው! ወረቀት በሌለበት፣ እርስ በርስ ሳይመካከሩ ለየብቻ የሚጠየቁ ሁለት ምስክሮች ፈልግ። ምስክር ካነሰ “በክፍሉ አገልግለዋል” ብለህ ጻፍ እንጂ ያልተረጋገጠ ጀብዱ አትጨምር። አንድ የተጋነነ ታሪክ በኋላ ቢጋለጥ እውነተኞቹንም ሁሉ ያስጠረጥራል።

የሰፈር አገልግሎት ደግሞ ከነጭራሹ ማኅደር የለውም። አዋላጇን፣ የውኃ ቧንቧ ጠባቂውን፣ ማታ ማታ ፊደል ያስቆጠረውን ሰው የሚያውቁት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። “ማን ይገባዋል?” ብለህ ብትጠይቅ ባለ ማዕረጎቹን ብቻ ይጠሩልሃል። “ችግር ሲደርስባችሁ በሌሊት የማንን በር ታንኳኩ ነበር?” በል፤ ያኔ ሴቶቹም ይጠራሉ፣ ዝም ብለው የሠሩትም ይወጣሉ።

የሚነበበውን ጽሑፍ በተመለከተ ልለምንህ። “ለረጅም ዘመን ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ” የሚለው ሐረግ ለማንም ይሆናል፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። “11 ዓመት በጦር ሆስፒታል ነርስ ሆነው ሠሩ፤ ከተሰናበቱ በኋላ 26 ዓመት የሰፈሩን ሕፃናት ለክትባት በየቤቱ እየዞሩ ሰበሰቡ” ብሎ ሲነበብ ግን ሴትየዋ ራሳቸውን ይሰሙታል። ለእያንዳንዱ ሰው 2 ደቂቃ ይበቃል። ጽሑፉን ከቀኑ አንድ ሳምንት በፊት ለራሳቸው አንብብላቸውና ያርሙት፤ የማዕረጉ ስም፣ የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር፣ የአባት ስም አጻጻፍ የሚቃናው ያን ጊዜ ነው። ምስክር ወረቀቱ ከዚያ በፊት እንዳይታተም። በዚያው አጋጣሚ እንዲነሳ የማይፈልጉት ነገር እንዳለም ጠይቅ። የሞተ ጓድ ስም በድንገት በድምጽ ማጉያ ሲጠራ ሰውን ሊሰብር ይችላል። “ስንት ገደሉ?” የሚል ጥያቄ ደግሞ ከማንም አፍ እንዳይወጣ አስቀድመህ ለጋዜጠኛውም ለተማሪዎቹም ንገር።

አዳራሹን ስታይ ከጌጡ ይልቅ ወንበሩን ተመልከት። ለክብር እንግዳ ተብሎ የሚዘረጋው ለስላሳ ሶፋ ለአረጋዊ ወጥመድ ነው፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይሆንና መነሳት ያቅታል። ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ጠንካራ፣ የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ይሁን። መድረኩ ላይ ማውጣትም ግዴታ አይደለም፤ ሰጪው ወርዶ ወደ እሳቸው ይሂድ። ካስፈለገ ደግሞ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ለምታህል አንዲት ደረጃ 180 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ያጠረ ጣውላ ይገለብጣል። ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ድንገት መነሳት የደም ግፊትን ያወርዳል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ላይ ይብሳል። ስለዚህ “ተነሱ” ከመባሉ በፊት አጠገባቸው የተመደበ ወጣት ቀስ ብሎ ያዘጋጃቸው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ እንዳይቸገሩ ብለው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይቀምሱም፤ መጸዳጃው ቅርብ መሆኑን ቀድመህ ንገራቸው። ጠቅላላው ዝግጅት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፍጅ፤ ንግግር የሚያበዙ ባለሥልጣናትን አንተ ከአሁኑ ገድባቸው።

ሜዳዩን እንዴት እንደምታጠልቁ ብዙ ሰው አያስብበትም። በማግኔት የሚጣበቅ ዓርማ ልብስ ስለማይበሳ ያምራል፤ ነገር ግን ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት አስተካካይ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚቀበረው በግራ ደረት ከአንገት አጥንት በታች ነው፣ ሜዳይም የሚደረገው እዚያው ግራ ደረት ላይ ነው። ማግኔቱ የመሣሪያውን አሠራር ይለውጣል፤ አደገኛ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያርም ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሥራውን ሊያስቆመው ይችላል። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። የመርፌውም ቢሆን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከተወጋ ደሙ ቶሎ አይቆምለትም። በጥብጣብ አንገት ላይ የሚጠለቅ ይሻላል። ከባድ የመስታወት ወይም የድንጋይ ሽልማትም አታስይዛቸው፤ ፎቶ እስኪነሳ ረዳቱ ከሥር ይደግፈው።

ድምጽን በሚመለከት፣ በዕድሜ የሚደክም ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭን ድምጾችን ነው፤ “ስ” እና “ፍ” ይምታቱበታል። መጮህ አይረዳውም። መድረክ መሪው ዝግ ብሎ፣ ፊቱን ወደ እነሱ አዙሮ፣ መብራት ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ ሆኖ ይናገር። የመስሚያ መርጃ በሚያስተጋባ አዳራሽ ከሩቅ የሚመጣውን ድምጽ አያጠራም፤ ስለዚህ ፊተኛው ረድፍ ለእነሱ ይሁን፣ የሚነበበውም በትልልቅ ፊደል ታትሞ እጃቸው ላይ ይኑር። ርችትና የክብር ተኩስ ተዉ። ጦርነት ያየ ሰው ከ50 ዓመት በኋላም በዚያ ድምጽ ሊርበደበድ ይችላል።

ታሪካቸውን ለመቅዳት ሌላ ቀን ያዝ፤ በበዓሉ ቀን ይደክማቸዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የአርበኞችን ቃል ሲሰበስብ ቢያንስ 30 ደቂቃ ያልተቆራረጠ ቅጂ ይጠይቃል፤ እናንተም ከዚያ አታሳንሱ። አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ ሌላውን ለቤተ መጻሕፍት ስጡ። ፎቶውንም በስልክ ከመላክ ይልቅ አሳትመህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራስህ አድርስላቸው፤ ስትሄድም ለመቀመጥ ሂድ።

የጽሑፎቹን ረቂቅ ላክልኝ፣ አብረን እናርማቸዋለን። ከእንግዲህ መልስ አላዘገይብህም።

ወዳጅህ